ዱቄት የረገፈበት ጉርድ

የላስቲክ ጫፍ ክብሪት ሲነካው የሚወጣውን ሽታ ታውቁት ይሆናል። የተቃጠለ ጸጉርም ይመስላል፣ የተቃጠለ ፌስታልም ይመስላል። እኔ በቀን ብዙ ጊዜ አሸተዋለሁ፤ ሥራዬ ነው። ጋምቤላ ከተማ፣ ኒውላንድ ሰፈር ውስጥ፣ ከኒም ዛፍ ሥር፣ አንዲት የቆርቆሮ ሱቅ አለችኝ። የሴት ጉርድ፣ የልጆች ቁምጣ፣ የመዘምራን ልብስ እሰፋለሁ። ላስቲክ ቆርጬ ጫፉ እንዳይተረተር በእሳት ለብለብ ሳደርገው ሽታው ይመጣል፣ ይሄዳል፤ ልብም አልለውም። ባለፈው ቅዳሜ ግን ልክ ክብሪቱን እፍ ብዬ ሳጠፋ ከጀርባዬ አንዲት ሴት፣ "ዱቄት!" ብላ ተጣራች።

በዚያ ስም የሚጠራኝ ሰው ከጠፋ ቆይቷል። ዞር ስል አሪየት ናት፣ የድሮ ጓደኛዬ። አቦቦ ወረዳ ካገባች ወዲህ የምንገናኘው አልፎ አልፎ ነው። ታናሽ እህቷን አቡላን አስከትላ፣ የታጠፈ ሰማያዊ ጨርቅ በብብቷ ይዛ ቆማለች።

"ስሜን ረሳሽው እንዴ? አጁሉ ነው እኮ" አልኳት።

"አጁሉን ያወጣችልሽ እናትሽ ናት። ዱቄትን ያወጣነው እኛ ነን፤ የእኛ ይበልጣል" ብላ አቀፈችኝ።

ከአሪየት ትከሻ በላይ አቡላን አየኋት። ዓይኗ መሬት ላይ ነው። የለበሰችው ጉርድ ከታላቅ ሰው የወረደ እንደሆነ ያስታውቃል፤ ግራ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ጨርቁን ጨብጣ ይዛዋለች። ያችን እጅ ሳይ፣ የላስቲኩም ሽታ ገና ከአፍንጫዬ ሳይወጣ፣ አንድ ክረምት እንዳለ መጣብኝ።

ያኔ ከተማው እንዲህ አልነበረም። ባጃጅ ገና መግባቱ ነበር፤ አንዱ ሲያልፍ ልጆች ይከተሉት ነበር። መንገዱን የሞላው ብስክሌት ነው። ከባሮ ዳር የተያዘ ትልቅ ዓሣ በብስክሌት ተጭኖ፣ ጭራው መሬቱን እየጠረገ ሰፈር ለሰፈር ይዞራል። ብስክሌቱ ላይ ያልታሰረ ነገር አልነበረም፤ እንጨት፣ ዶሮ፣ ፍራሽ፣ አንዳንዴም የታመመ ሰው ከጋላቢው ጋር። ማሰሪያው ደግሞ ለሁሉም አንድ ነው። ጎማው ውስጥ አየር የሚይዘው ከመነዳሪ ሲያረጅ በቀጭኑ ይቆረጥና ገመድ ይሆናል። የማይታሰርበት ነገር የለም። አንድ ብር ይዞ የወጣ ልጅ ሳምቡሳ በልቶ፣ ከረሜላ እየመጠጠ ይመለሳል። ማንጎማ በወቅቱ ማን ይገዛዋል፤ ከዛፉ ሥር መልቀም ነው። ዘፈን ሚሞሪ ካርድ ላይ የሚጭኑ ሱቆች ነበሩ፤ ከቀትር በኋላ ሁሉም ድምፅ ማጉያቸውን ውጭ አውጥተው ይለቁታል፣ አንዱ የሱዳን፣ አንዱ የአዲስ አበባ፣ አንዱ መዝሙር። በመካከላቸው ስታልፍ ሦስቱም አንድ ዘፈን ይሆኑብሃል። ሴቶቹ ቀጭን ማሰሪያ ያለው የላስቲክ ሰንደል ያደርጋሉ። ሻሽ ሳታስር የምትታይ ሴት አልነበረችም። ዛሬ እነዚያ ሱቆች ስልክ ይጠግናሉ፤ ዘፈኑን ሁሉም በየኪሱ ይዞታል፣ መንገዱም ዝም ብሏል። ከባጃጁ ጥሩምባ በቀር ማለቴ ነው።

እኔ ከአቦቦ ከመጣሁ ብዙም አልቆየሁም ነበር። ትምህርቴን ስድስተኛ ክፍል ላይ አቁሜያለሁ። እናቴ፣ "እዚህ አፍሽን ዘግተሽ ከምትቀሪ ከተማ ሂጂና ሰው ሁኚ" ብላ ኒውላንድ አክስቴ አቻላ ዘንድ ሰደደችኝ። ከተማ መጣሁ እንጂ አፌ አልተከፈተም። ሰው ስሜን ሲጠይቀኝ የምመልሰው ለጫማዬ ነበር። ድምፄ ግን እንደ እኔ ዓይን አፋር አልነበረም። ባሮ ዳር ልብስ ሳጥብ፣ ውሃው ድምፄን የሚሸፍነው እየመሰለኝ እዘፍናለሁ። አሪየት የሰማችኝ እዚያ ነው። እሷ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያናችን መዘምር ናት። ሳሙናውን ከእጄ ቀምታ፣ "እሁድ ካልመጣሽ ሳሙናሽን አታገኚውም" አለችኝ። ሳሙናው የአክስቴ ነበር። ሄድኩ።

የእኛ መዝሙር ቆሞ የሚዘመር አይደለም። ከበሮው ሲመታ እጅ ይጨበጨባል፣ እግርም ይነሳል፤ ሰው ይዘልላል። እኔ የምለብሰው ደግሞ የአክስቴን አሮጌ ጉርድ ነው። አክስቴ ሰፊ ሴት ናት፣ እኔ ደግሞ የሸንበቆ ያህል ነበርኩ። ላስቲኩ ከረገበ ቆይቷል። ጥጉን ሰብስቤ እቋጥረዋለሁ፤ ግን ከበሮው ፈጠን ሲል ቋጠሮው ይላላል። ስለዚህ ከኋላ ረድፍ፣ ግድግዳውን ተጠግቼ፣ በግራ እጄ ጉርዴን ይዤ፣ በቀኝ እጄ ጭኔን መታ መታ እያደረግሁ እዘምራለሁ። ለማንም አልተናገርኩም። ምን ብዬ ልናገር?

መሪያችን ኡሞድ የሚባል ረጅም ወጣት ነበር፤ ደግ ነው፣ ግን ቀልዱን በአደባባይ ይወረውራል። አንድ ቀን ልምምድ ላይ ከበሮውን አስቁሞ፣ "አጁሉ፣ አንድ እጅ ብቻውን አያጨበጭብም ሲባል አልሰማሽም?" አለኝ። ሁሉም ሳቀ። እኔ ጉርዴን ይበልጥ ጨበጥኩ።

በዚያው ክረምት ከአቦቦ ምእመናን ለምስጋና ቀን ወደ እኛ እንደሚመጡ ተነገረ። ለእያንዳንዷ መዘምር ሰማያዊ ጨርቅ ታደለ። ኡሞድ ጨርቁን እያደለ፣ "ሁሉም አንድ ዓይነት ጉርድ ያሰፋል። ከወገቡ በላስቲክ የተሸበሸበ፣ ከጉልበት በታች የወረደ። ያልለበሰች ከሕዝቡ ጋር ትቀመጣለች፤ ያላጨበጨበችም እንደዚያው" አለ። ያላጨበጨበች ሲል ወደ እኔ አየ። እናቴ ከአቦቦ ሰዎች ጋር እንደምትመጣ ከዚያ በፊት ሰምቼ ነበር። ስዘምር አይታኝ አታውቅም። ጨርቁን ደረቴ ላይ ይዤ ወደ ቤት ስሄድ አንድ ነገር ብቻ ነበር የማስበው፤ ያን ቀን ሁለቱም እጆቼ ነፃ መሆን አለባቸው።

ችግሩ መለካቱ ነው። ሁሉም ልጆች የሚያሰፉት ገበያ ጋሽ ደምሴ ዘንድ ነበር። ጋሽ ደምሴ ከደጋ የመጡ የተከበሩ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ምንም ክፋት የለባቸውም። ግን ሜትሩን ከአንገታቸው አውርደው ወገብ ላይ ይጠመጥሙና ልኩን እንዳይረሱት ጮክ ብለው ይጠሩታል። ዳሌም እንደዚሁ። ማዶ ያለው ሻይ ቤት ሁሉ የማን ወገብ ስንት እንደሆነ ያውቃል። ከአሪየት ጋር ሄድኩ። የእሷ ተለካ፣ ተጠራ፣ እየሳቀች ወጣች። ተራዬ ሲደርስ እግሬ ወደ ኋላ ተመለሰ።

"ይለኩሻል እንጂ አይበሉሽም!" አለች አሪየት ተከትላኝ።

"አልለካም።"

"ታዲያ ማን ሊሰፋልሽ ነው?"

"እኔ።"

"መርፌ ይዘሽ ታውቂያለሽ?"

"አልያዝኩም። እይዛለሁ" አልኳት። ይህን ስናገር መሬት አላየሁም። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ዓይኗን ነው ያየሁት።

ከአጥራችን ማዶ ሲስተር ዘውድነሽ ይኖሩ ነበር። ጤና ጣቢያ የሚሠሩ፣ ከደጋ ተመድበው መጥተው እዚሁ የከረሙ ነርስ ናቸው። በእጅ የሚዞር የስፌት መኪና ነበራቸው። ከሥራ ሲመለሱ በረንዳቸው ላይ አውጥተው ሲሰፉ፣ ኪሪሪ የሚለው ድምፅ እኛ ግቢ ይደርሳል። አጥሩን ይዤ ማየት ጀመርኩ። ሲያዩኝ እደበቃለሁ፤ ሲያጎነብሱ እመለሳለሁ። በመጨረሻ አክስቴ ሰለቻት።

"ዘውድነሽ!" ብላ በአጥሩ ላይ ጮኸች። አክስቴ ለትልቁም ለትንሹም የምትናገረው አንድ አማርኛ ነው። "ዘውድነሽ፣ ነይ! ይቺ ልጅ አፍ የላትም። ዛሬ እኔ አፍ ልሁናት። ጉርድ መስፋት ትፈልጋለች።"

ሲስተር ዘውድነሽ ሳቁ። "አቻላ፣ አንቺማ አፍሽ ለሰፈሩም ይተርፋል።" ከዚያ ወደ እኔ አዩ። "እኔ አልሰፋልሽም። ከሥራ ደክሞኝ ነው የምመጣው። ራሴ እሰፋለሁ ካልሽ ግን አሳይሻለሁ።"

"ራሴ እሰፋለሁ" አልኩ።

"እሰይ፣ አፍ አላት እኮ!"

መጀመሪያ ጨርቄን አላስነኩኝም። ባዶ የሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ቀደው ሰጡኝና፣ ያለ ክር፣ በመርፌው ቀዳዳ ብቻ ቀጥ ያለ መስመር አውጪ አሉኝ። ቀኝ እጅ ያዞራል፣ ግራ እጅ ይመራል። ብዙ ጊዜ ግራ እጄ ሳላስበው ወደ ወገቤ ይሄድና መስመሩ ይጠማዘዛል። "ባሮ እንኳ እንዲህ አይጣመምም!" እያሉ ሌላ ወረቀት ያቀብሉኛል። በረንዳቸው በብጫቂ ወረቀት ተሞላ። በየቀኑ ልብሱን አጥቤ፣ ውሃውን ቀድቼ ስጨርስ እሄዳለሁ። አንድ ቀን ወረቀቱን ወደ ፀሐይ አንሥተው በቀዳዳዎቹ አዩና፣ "ጨርቅሽን አምጪ" አሉኝ።

"ወገብሽ ስንት ነው?"

ሜትሩን ሲያነሡ ሳላስበው ወደ ኋላ ሸሸሁ። ትንሽ አዩኝ። ጤና ጣቢያ ስንት ዓይን አፋር እንዳዩ እግዜር ይወቅ። ሜትሩን አስቀምጠው ከጥቅሉ ረዘም ያለ ክር ቆርጠው ሰጡኝ።

"እንኪ፣ ጓዳ ገብተሽ ራስሽ ለኪ። ዞሮ የገጠመበት ላይ ቋጥሪበት። እኔ ማወቅ የሚያስፈልገኝ ቋጠሮውን ነው፤ ሌላው የራስሽ ነው።"

ገብቼ ለካሁ። ቋጠርኩ። ክሩን ስሰጣቸው ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት፣ ከቋጠሮው ወደ ውስጥ አንድ ጋት መልሰው ሌላ ቋጠሮ አሰሩበት።

"ላስቲኩ እስከዚህ ነው የሚቆረጠው። ከወገብሽ ማነስ አለበት። እኩል ከሆነማ ምኑን ይይዛል?"

የወገቡን ጨርቅ ጫፉን ትንሽ ማጠፍ፣ ከዚያ ደግሞ ሰፋ አድርጎ ማጠፍ። ላስቲኩ የሚሄድበት መንገድ ያ ነው። ከጠበበ አያሳልፍም፤ ከሰፋ ውስጡ ይገለባበጣል። ዙሪያውን ሲሰፋ ከበስተኋላ ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍት ይቀራል፤ ላስቲኩ በዚያ ገብቶ፣ ዞሮ በዚያው ይወጣል።

"ከዚያ ይዘጋል?" አልኳቸው።

"በእጅ መርፌ ላላ አድርገሽ ሸፍኚው እንጂ በመኪና እንዳትደፍኚው። ላስቲክ ያረጃል፣ ጨርቅ ግን ይቆያል። ሲያረጅ በየት በኩል ልታወጪው ነው?"

ጎኑን ገጠምኩ። ታችኛውን ጠርዝ ቀመቀምኩ። ተጣመመ፣ ተረተርኩት፣ እንደገና ቀመቀምኩ። ወገቡን አጠፍኩ። ላስቲክ ብቻ ቀረኝ። ላስቲክ ግን በከተማው ጠፋ። ባሮ ሞልቷል፤ ከደጋ ዕቃ የሚያመጣው መኪና መንገድ ላይ ጭቃ ይዞታል። ባለሱቁ "ነገ ይገባል" ይላል። ነገ ስሄድም "ነገ"። ሌሎቹ ልጆች ጋሽ ደምሴ ቀድመው ከገዙት ላስቲክ ተሰፍቶላቸዋል፤ ከዚያ የተረፈ አልነበረም። ሲስተር ዘውድነሽ ዘንድ ሄጄ እንደምንም ደፍሬ ጠየቅኋቸው።

"ሲስተር፣ እግሩን ወለም ላለው ሰው የምትጠቀልሉት የሚለጠጥ ፋሻ አለ አይደል?"

"እሱ የበሽተኛ ነው! በሽተኛ ፋሻ አጥቶ፣ አንቺ በፋሻው ስታሸበሽቢ ልይ?" አሉ። ደግሞ የጨከኑብኝ መሰላቸው፤ ቀስ ብለው፣ "መኪናው ይመጣል። በዚህ ሳምንት ለክትባት ገጠር መውጣቴ ነው፤ ለምስጋናው ቀን እደርሳለሁ" አሉኝ።

መኪናው አልመጣም። የምስጋናው ቀን ተቃረበ። ጉርዱ አልጋዬ ላይ ተዘርግቶ፣ ወገቡ ባዶ ሆኖ አየዋለሁ። ገመድ ባስገባበትስ? ገመድ አይለጠጥም፤ ሲዘለል ይላላል፣ እንደ አክስቴ ጉርድ ነው። አንድ ቀን ጠዋት እንዲህ እያሰብኩ ውሃ ልቀዳ ስወጣ፣ አንድ ሰው ዓሣ በብስክሌት አስሮ አለፈ። ዓሣው ይወዛወዛል፣ ማሰሪያው ይለጠጥና ይመለሳል፣ አይለቅም። ጄሪካኑን እዚያው ጥዬ ብስክሌት ጠጋኙ ጋ ሮጥኩ።

ኦባንግ ይባላል፤ የሚሠራው ማንጎ ዛፍ ሥር ነበር።

"ከመነዳሪ እፈልጋለሁ" አልኩት። "ቀጭን፣ እንዲህ የሚያህል።"

"ምን ልታስሪበት?"

ወገቤን እንዴት ልበለው?

"ዶሮ ነው ፍየል?"

"ፍየል" አልኩት። "ትንሽ ፍየል።"

"ትንሽ ፍየልማ ትዘልላለች፤ ጠንካራውን ልስጥሽ" ብሎ ከአዲሱ ቆረጠልኝ።

ቤት ገብቼ ክሬን አወጣሁ፤ እስከ ውስጠኛው ቋጠሮ ለክቼ ቆረጥኩ። ጫፉ ላይ መርፌ ቁልፍ ሰክቼ በክፍቱ አስገባሁት። አልሄድ አለ። ላስቲክ ያንሸራትታል፤ ጎማ ግን ጨርቁን ነክሶ ይቆማል። ስገፋው ጨርቁ ይሰበሰባል፣ ስስበው መርፌው ተከፍቶ ጣቴን ይወጋኛል። ጣቴን እየመጠጥኩ ስቀመጥ ኦባንግ ትዝ አለኝ። ከመነዳሪውን ጎማ ውስጥ ሲከት መጀመሪያ ነጭ ፓውደር ይነሰንስበታል፤ እንዳይጣበቅ ነው። እኛ ቤት ፓውደር የለም። ያለው የአክስቴ የበቆሎ ዱቄት ነው።

ጭብጥ አድርጌ ዘገንኩ። ጎማውን ለወስኩት፣ ወገቡም ውስጥ ነፋሁበት። እንደ ዓሣ ተንሸራቶ ሄደ! ደስ ሲለኝ ጨመርኩበት። ዞሮ ወጣ፤ ጫፍና ጫፉን አጥብቄ አሰርኩት፤ ክፍቱን ላላ አድርጌ በእጅ ሸፈንኩት። ለበስኩ። እጄን ለቀቅኩ። በሩን ዘግቼ ብቻዬን ዘለልኩ። ጉርዱ ከወገቤ ንቅንቅ አላለም። ወለላችን አፈር ነው፣ ቤቱም ጨለም ያለ ነው፤ ሌላ ያየሁት ነገር የለም። አክስቴ ማታ የዱቄቱን ጆንያ ከፍታ፣ "አይጥ ገብታለች" አለች። አሁንም ጫማዬን አየሁ።

የምስጋናው ቀን የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ በሰው ሞላ። የአቦቦ ሰዎች በጭነት መኪና እየዘመሩ ገቡ። እናቴ ወርዳ ሳመችኝና ጉርዱን በሁለት ጣቷ ያዝ አድርጋ አየችው።

"ማን ሰፋልሽ?"

"እኔ።"

"ማን?"

"እኔ ነኝ የሰፋሁት!" አልኩ። ያጠገባችን ሰዎች ዞር አሉ። እናቴ ጨርቁን ሳይሆን ፊቴን ነበር የምታየው።

ኡሞድ ሲያሰልፈን ወደ ግድግዳው ልሄድ ስል አሪየት ክርኔን ይዛ መሀል አቆመችኝ። የመጀመሪያው መዝሙር ዝግ ያለ ነበር፤ አጨበጨብኩ። ሁለት እጅ ሲገናኝ የሚወጣውን የራሴን ድምፅ ከሕዝብ ፊት የሰማሁት ያን ቀን ነው። ከዚያ ከበሮው ፈጠነ። ዘለልን። አንድ ነጭ ነገር ከወገቤ ቡን አለ። ደግሞ ስዘልል ደግሞ ቡን። ሰማያዊው ጉርዴ ላይ ነጭ መስመር እየወረደ ነው።

"አጁሉ" አለች አሪየት ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ፣ "ትጨሻለሽ!"

ከፊት የተቀመጡት ልጆች መጀመሪያ ሳቁ፣ ከዚያ እናቶቻቸው። ኡሞድ እንኳ መምራቱን ሳይተው ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ከአቦቦ ሰዎች መሀል የእናቴ ድምፅ በአኙዋክኛ ተሰማ፤ "ልጄን ለከተማ ሰጠሁ ስል ለወፍጮ ቤት ነው እንዴ የሰጠሁት!" ግቢው በሳቅ ፈነዳ።

ፊቴ ነደደ። ግራ እጄ እንደ ልማዱ ወደ ወገቤ ሄደ፤ ጨርቁን ጨበጠ። እግሬም ቆመ። ግድግዳው የት እንዳለ በዓይኔ ፈለግሁት። ያን ጊዜ ከግቢው በር አካባቢ አንድ ድምፅ መጣ። ሲስተር ዘውድነሽ ናቸው። ኦርቶዶክስ ስለሆኑ ግቢያችን አይገቡም፤ ከገጠር እንደተመለሱ፣ ቦርሳቸውን ሳያስቀምጡ፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ከአጥሩ ውጭ ቆመዋል። እንደ አክስቴ ጮኹ።

"እጅሽን ልቀቂው! ይዟል!"

እጄን አየሁት። እውነታቸውን ነው። የያዝኩት ምንም የማይወድቅ ነገር ነው። ጣቶቼን ፈታሁ። ዱቄቱ የሚያልቀው ሲራገፍ ነው፤ ካለቀ ይለቅ ብዬ ከሁሉም ከፍ አድርጌ ዘለልኩ። ቡን አለ። እንደገና ዘለልኩ። ሳቁ ቀስ በቀስ ወደ እልልታ ተለወጠ፤ እናቴ ናት የጀመረችው። አጨበጨብኩ፣ ድምፄንም እንደ ባሮ ዳር ለቀቅኩት። መዝሙሩ ሳያልቅ ዱቄቱ አለቀ። ጉርዱ እዚያው ነበር።

ስንጨርስ ወደ በሩ ሄድኩ። ሲስተር ዘውድነሽ ከሳቅ የተነሳ ዓይናቸውን በነጠላቸው ይጠርጋሉ።

"ዱቄቱን ማን አስተማረሽ?"

"ራሴ።"

"ሞኝ!" አሉኝ፤ ወዲያው ግን ወገቡን ገልበጥ አድርገው ስፌቱን በጥፍራቸው እየተከተሉ ዞሩት። "አንድም ቦታ አልተተረተረም" አሉ። አክስቴ ከኋላዬ ደርሳ፣ "አይጧን አገኘኋት!" አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ መዘምራኑ ሁሉ ዱቄት ይሉኝ ጀመር። አላስቀየመኝም። ለጫማ የሚነገር ስም አይደለም።

ከመነዳሪው ብዙ አልቆየም። የጋምቤላ ሙቀት የማያቀልጠው የለም፤ ጎማው ላብ ሲነካው ተለጣጥፎ ወገቤን እንደ ጥላሸት አጠቆረኝ። መንገዱ ተከፍቶ ላስቲክ ሲገባ ግን ጉርዱን መቅደድ አላስፈለገኝም። በስተኋላ ያለውን ላላ ስፌት ፈታሁ፣ ያንን አወጣሁ፣ ይህን አስገባሁ። ሲስተር ዘውድነሽ የላስቲኩን ጫፍ በክብሪት ለብለብ አድርገው ሲሰጡኝ ያ ሽታ በረንዳቸውን ሞላው። ለመጀመሪያ ጊዜ ያሸተትኩት ያን ቀን ነው። ቀጥሎ የአክስቴን ጉርድ አስተካከልኩ፣ ከዚያ የአሪየትን፣ ከዚያ የሰፈሩን። በኋላ ሲስተር ቅያሬ አግኝተው ወደ አገራቸው ወጡ፤ የስፌት መኪናቸውንም ይዘው ሄዱ። እኔ በየሰው ቤት እየሰፋሁ፣ ቀስ እያልኩ የራሴን አመጣሁ። ዛሬም ዓይን አፋር ነኝ። ደንበኛ ሲቆጣኝ አሁንም ጫማዬን አያለሁ። ነገር ግን በሱቄ ውስጥ የማይለወጡ ሁለት ነገሮች አሉ። አንዱ በመጋረጃው አጠገብ የተንጠለጠለው የክር ጥቅል ነው።

ለአቡላ ከእሱ ቆርጬ ሰጠኋት።

"ሜትር የለሽም እንዴ?" አለች አሪየት።

"አለኝ። መጋረጃው ውስጥ ግቢና ለኪ፣ የኔ እህት። የገጠመበት ላይ ቋጥሪበት።"

"ወንድ የለ፣ ምን ያሳፍራታል!"

"ተያት" አልኳት።

ልጅቱ ገባች፤ ቆይታ ወጣች። ክሩን ሳታየኝ ነው የሰጠችኝ። ያመጡትን ሰማያዊ ጨርቅ ጎኑን ገጠምኩ፣ ቀመቀምኩ፣ ወገቡን አጠፍኩ፤ ከኋላ ሁለት ጣት ክፍት ተውኩ። አሪየት በሳጥን ላይ ተቀምጣ ስለ አቦቦ ታወራኛለች፤ ጥጥ፣ በቆሎ፣ የማን ልጅ ማንን እንዳገባ። ላስቲኩን አሳለፍኩ። አቡላ ለብሳ ስትወጣ ጉርዱ ልኳ ነው፤ ሽብሽቡ ዙሪያዋን እኩል ይዟል። ግራ እጇ ግን አሁንም ወገቧ ላይ ነው።

ሁለተኛው የማይለወጥ ነገር ይህ ነው፤ ከእኔ ዘንድ ማንም ሳያጨበጭብ ጉርድ ይዞ አይሄድም።

"አጨብጭቢ" አልኳት።

አንገቷን ደፋች። ቅዳሜ ነው፣ ገበያው ሞልቷል፤ ባጃጆቹ ተደርድረዋል፣ ማዶ ሽንኩርት የምትሸጠዋ ሴት ታየናለች። እኔም አፈርኩ። ቢሆንም ከወንበሬ ተነሣሁ፤ የዚያን ቀኑን መዝሙር ጀመርኩት። በለሆሳስ አልነበረም። አሪየት ሳጥኑን እንደ ከበሮ መታችው። ባለ ባጃጆቹ ዞሩ፣ ሽንኩርት ሻጯም ሳቀች፤ እኔ ግን አላቆምኩም። ዘለልኩ። በዚህ ዕድሜዬ፣ ሜትር ከአንገቴ ላይ እየተወዛወዘ፣ ዘለልኩ።

"እጅሽን ልቀቂው" አልኳት። "ይዟል።"

አንድ ጣቷን ፈታች። ከዚያ ሌላውን። እጇ ትንሽ ጊዜ አየር ላይ ቆየ፤ ጉርዱ ይወድቅ እንደሆነ የምትጠብቅ ይመስል ነበር። ከዚያ ሁለቱ እጆቿ ተገናኙ። መጀመሪያ ቀስ ብሎ፣ ቀጥሎ ማዶ ድረስ በሚሰማ ድምፅ።

አሪየት መምታቷን ሳታቆም ጎንበስ ብላ የእህቷን ጉርድ ከሥሩ ታይ ነበር፤ ዱቄት ይረግፍ እንደሆነ።